ለተሰበረ አጥንት የመጠበቂያ እንጀራ

በመርካቶ በቢስክሌት እየተላላከ የሚኖር ሰው ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር፣ ጠያቂው ሁሉ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «መቼ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ዳሩ ግን ከእርሱ በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «እስክትመለስ ድረስ ምን ትበላለህ?» የሚለው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው፣ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሳይገኝ ለመጀመሪያው ደህና መልስ ሊገኝ እንደማይችል ነው።

ብዙዎቻችን ቢስክሌትን የምናውቀው በስፖርትነቱ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፖርተኞችን ስትልክ፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ቢስክሌተኞች ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የመርካቶው ቢስክሌተኛ ሰዓት የሚይዝለትና በመኪና የሚከተለው ሐኪም የለውም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ፣ የዚህ ሠፈር ኑሮ የተመሠረተው ዕቃን ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ተራ በማድረስ ነው። ከባዱን አይሱዙ ያመጣዋል፤ መካከለኛውን ጋሪና ተሸካሚ ይወስደዋል፤ ትንሹንና አስቸኳዩን፣ ማለት የመለዋወጫ ዕቃውን፣ ናሙናውንና ደረሰኙን፣ በቢስክሌት የሚበር ልጅ ያደርሰዋል። ይህም ልጅ በሱማሌ ተራና በሰባተኛ፣ በጭድ ተራና በአውቶቡስ ተራ መካከል፣ በሚኒባስና በጋሪ፣ በሰውና በጭነት መኪና መካከል እየተሹለከለከ ይውላል። ክረምት ሲገባም ጭቃው ይጨመርበታል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱን እናውቀዋለን። ከመካከላችን አንዱ ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለ የ19 ዓመት ወጣት ነው። የአንድ ሱቅ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ ባለሱቁ ወደ መጋዘን በላከው ቀን ከኋላው የመጣ ሚኒባስ ገፍቶት ወደቀ፤ የግራ እግሩ የቅልጥም አጥንት ተሰበረ። ሐኪሙ ከ4 እስከ 6 ወር ከባድ ነገር እንዳይሸከም ነገረው። ባለሱቁ ሊጠይቀው መጥቶ ጥቂት ብር ሰጠው፤ በሳምንቱም ሌላ ልጅ ቀጠረ። ልጁ በ7ኛው ሳምንት ክራንቹን ጥሎ ጆንያ መሸከም ጀመረ፤ ያልጠናው አጥንትም ጠመመ። አሁን ሐኪሞቹ እንደገና መታከም አለበት ይላሉ። ሰዎች «ልጁ ትዕግሥት የለውም» ሲሉ ሰምተናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ትዕግሥት ያጣው ልጁ ሳይሆን የቤት ኪራዩ ነው።

አጥንት የራሱ ዘመን አለው። በአዋቂ ሰው የተሰበረ የእጅ አንጓ ስድስት ሳምንት ያህል በጀሶ ይቆያል፤ ቢስክሌተኛ ሲወድቅ ቶሎ የሚሰበረው፣ ደረትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው አጥንት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ቅልጥም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። አጥንቱ ከገጠመ በኋላም ጡንቻው በጀሶው ውስጥ መንምኖ ስለሚወጣ፣ ቀስ በቀስ እየተለማመደ ካልበረታ ሸክም አይችልም። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደግሞ ቁስል ባይታይበት እንኳ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀኖች ማረፍ፣ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሥራው መመለስ አለበት፤ ራስ ምታቱና ማዞሩ ሳይለቀው ቢስክሌት ላይ ቢወጣና ዳግመኛ ቢመታ አደጋው ይብስበታል። ይህን ሁሉ የገበያው ሆድ አያውቅም። የአጥንት ቀጠሮ በወር ሲቆጠር የሆድ ቀጠሮ በቀን ይቆጠራል። የበሽተኛው መከራ በእነዚህ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ነው።

ወደ ወጌሻ የሚያስሮጠውም ይኸው ጥድፊያ ነው። ወጌሻን ለመስደብ አልተነሣንም፤ ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን ያገሩን ሰው የጠገነ እርሱ ነው፤ ዛሬም በዋጋው ርካሽነትና «ቶሎ ትነሣለህ» በማለቱ ይመረጣል። ነገር ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ስብራት ሲያብጥ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ እንደሆነ ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በመጨረሻም እግር ወይም እጅ ይቆረጣል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ሕመሙም እየጨመረ ከሄደ፣ ማሰሪያው በዚያችው ሰዓት ተፈትቶ በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። በአራት ወር ምትክ በሁለት ሳምንት ለመዳን የተመኘ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰው ሕግ ለመርካቶ ተላላኪ ምንም እንዳላሰበለት ያምናል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሚጠቅመው አሠሪውን ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት አይልም። በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው፤ «ወረቀት የለህም» ተብሎ መብቱ ሊወሰድበት አይገባም። በአሠሪው ትእዛዝ ሲላክ በመንገድ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ፣ ከሥራ ቦታው ውጭ ቢሆንም እንኳ፣ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። አሠሪውም ጥፋት ባይኖርበት ኃላፊ ነው፤ የሕክምናውንም ወጪ ይችላል።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ ሁለት መሰላሎች አሉ። በሥራ ምክንያት ላልመጣ ሕመም፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ፣ የሚቀጥሉት ሦስት ወሮች ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያም በኋላ ያሉት ስድስት ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈልባቸዋል። አምስት ወር የሚያስተኛ ስብራት የደረሰበትን ሰው እናስብ። በመጀመሪያው መሰላል የሁለት ወር ደመወዝ ያገኛል፤ በሁለተኛው ግን የአራት ወር ተኩል ያገኛል። አጥንቱ አንድ፣ ሕመሙ አንድ፣ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ነው።

ታዲያ የእኛ ጎረቤት በየትኛው መሰላል ላይ ነው? አሠሪው ልኮት ስለወደቀ በሁለተኛው ላይ ነው። ግን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ጠዋት ከቤቱ በራሱ ቢስክሌት ወደ ሥራው ሲሄድ የሚወድቀው ሠራተኛ አለ። አዋጁ ወደ ሥራ ሲኬድና ከሥራ ሲመጣ የሚደርሰውን አደጋ የሚያስበው፣ ሠራተኛው አሠሪው ባቀረበው ወይም በተከራየው መጓጓዣ ሲሄድ ነው። በኩባንያው አውቶቡስ የሚሄደው ተቆጥሯል፤ አውቶቡስ የሌለውና በራሱ እግር የሚጋልበው ግን አልተቆጠረም። ጀርመን ከቤት ወደ ሥራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚደርሰውን አደጋ በሕጓ ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ በቢስክሌት የሚሄደውንም አልለየችም። የእኛም ሕግ ይህን ክፍተት ቢዘጋ ተገቢ ነው እንላለን። ከተማችን ሕዝቡን በቢስክሌት እንዲሄድ እየመከረች፣ ለዚህም መስመር እያበጀች፣ የወደቀውን አለመቁጠሯ አይስማማም።

ስለ ገጪው መኪናም አንድ ቃል እንጨምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ በመኪና የተጎዳ ሰው ሁሉ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደነገገ፤ ወጪውንም ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ወሰነው፤ ገጭቶ ለጠፋ መኪናም የመድን ፈንድ አቆመ። ስለዚህ ወዳቂውን ከሚያነሡት ሰዎች አንዱ የሰሌዳውን ቁጥር ይጻፍ፤ ጉዳዩም በትራፊክ ፖሊስ ይመዝገብ። ያለዚህ ወረቀት ሕጉ ለተጎጂው አይናገርለትም።

እንዲህም ሆኖ ሕጉ የማይደርስባቸው ብዙዎች ናቸው። ቢስክሌቱም ሥራውም የራሱ የሆነው፣ ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ የሚላከው ሰው አሠሪ የለውም፤ የሚከስሰውም የለውም። ለእርሱ መልሱ ከሠፈሩ መምጣት አለበት። መርካቶ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት እድር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑን ይተክላል፤ ነጋዴው ሱቁን የከፈተው በእቁብ ገንዘብ ነው። እኛ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ለሞተው ይህን ያህል የደረስን ሰዎች ለተሰበረው ስለ ምን አንደርስም? ለምሳሌ 300 አባላት ያሉት እድር ከእያንዳንዱ አባል በወር 20 ብር ቢጨምር በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህም ሦስት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን አራት አራት ወር፣ በወር 6,000 ብር እየሰጠ ያሳርፋል። ክፍያው በሐኪም ወረቀት ይሁን፤ ሐኪሙ «ይበቃሃል» ባለ ቀን ይቁም። በዚህ ልመና የለበትም፤ ሰውየው ደህና ሳለ የከፈለውን መቀበሉ ነው።

ከባለሱቆች በኩል የሚሰማውን ተቃውሞ እናውቃለን። «ሱቃችን ትንሽ ናት፤ የማይሠራ ሰው መቀለብ አንችልም» ይላሉ። በእውነትም አንዲት ሱቅ ብቻዋን ብትሸከመው ይከብዳታል፤ እድሩን የምንመክረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ሰው እጁና አእምሮው አልተሰበረም። ተቀምጦ ዕቃ ይቆጥራል፤ ደረሰኝ ይጽፋል፤ ስልክ ይመልሳል። በመጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎም ሙሉ ቀን፣ በመጨረሻም ሐኪሙ ሲፈቅድ ወደ ቢስክሌቱ ይመለስ። በዚህ መንገድ ባለሱቁ የሚያውቀውንና የሚያምነውን ልጅ አያጣም፤ ልጁም ቦታውን ሌላ ሰው እንዳይወስድበት በመፍራት ክራንቹን አይጥልም። ወደ ሥራ መመለስ በደረጃ የሚወጣ ነገር ነው፤ በአንድ ዝላይ የሚወጣው ተመልሶ ይወድቃል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሰውነቱ ሽባ በሆነ ጊዜ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት ተወስዶ ወራት ታከመ፤ በማግስቱም ዓመት በዚያው ስፍራ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ያ ጀግንነት የራሱ ነው፤ ነገር ግን ጀግንነቱ የሚሠራበትን ጊዜና ሕክምና ሌሎች ሰጡት። ይህ ስለ ተደረገለት ማንም አይቀናም። የምንለው፣ ጊዜና ሕክምና ቢያገኝ የመርካቶውም ልጅ ይነሣል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ተማሪ ሌላውን ብቻ እየመከረ መቅረት የለበትምና። የሕግ ተማሪዎች ከላይ የጠቀስናቸውን መብቶች በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ጽፈው በየተራው ቢያድሉ፣ አንድ ቅዳሜ የሚበቃ ሥራ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ከወጌሾች ጋር ተቀምጠው ስለ ጠባቂ ማሰሪያ ምልክቶች ቢነጋገሩ፣ የሚተርፉ እግሮች አሉ። የራስ ቁርም ነገር አለ፤ በሚገባ የተደረገ የራስ ቁር በቢስክሌት አደጋ የሚመጣውን የጭንቅላት ጉዳት ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ የሐኪሞች ጥናት አሳይቷል፤ ተላላኪ የሚልክ ባለሱቅ ከቢስክሌቱ ጋር አብሮ ሊገዛው ይገባል። መምህራኖቻችንም የሠራተኛ ሕግ ሲያስተምሩን ምሳሌውን ከሩቅ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከሰባተኛም ቢያመጡልን እንወዳለን።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኛ በወደቀው ሰው ላይ ምክር ማብዛቱን ትተን፣ አጥንቱ እስኪገጥም የሚጠብቅበትን እንጀራ እናዘጋጅለት። የማኅበራችን ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዘው፣ ከሠፈሩም እድሮች ጋር የሚነጋገሩ ጥቂት ተማሪዎችን እንዲመርጥ እንጠይቃለን።