ከውጭ አገር የመጣው የእንቅልፍ ክኒን

ልጆቻችን ከአሜሪካ ሲመጡ ከሻንጣቸው የማይጠፋ አንድ ብልቃጥ አለ፤ ሜላቶኒን ይባላል። እዚያ አገር እንደ ቫይታሚን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ሰሞኑን ስኳርም ግፊትም ያለባቸው አንዲት የሰፈሬ እናት፣ «ልጄ አንጎልን ከስትሮክ ይጠብቃል ብላ ላከችልኝ። የስኳር መድኃኒቴን ትቼ ይህንን ብወስድስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «የስኳሩን እንዳይተዉ! ብልቃጡንም ሳይከፍቱ ለሐኪምዎ ያሳዩ» አልኳቸው። ምክንያቱን ለእናንተም ላስረዳ።

ሜላቶኒን ሲጨልም አንጎላችን ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ የምታመነጨው፣ ለሰውነታችን «መሽቷል» የሚል ሆርሞን ነው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አሮን ለርነር በ1958 እ.ኤ.አ. ከከብት ዕጢ ለይተው አወጡት።

ልጅቱ የሰማችው ወሬ መነሻ አለው። በስትሮክ ጊዜ ደም ሲቋረጥ፣ ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው አንጎል ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ደም ሲመለስም ሴል የሚያበላሹ ነገሮች ይፈጠራሉ። ለዚህ ነው ስትሮክ በስኳር ሕመምተኛ ላይ የሚጠናው። ሜላቶኒን እነዚህን ጎጂ ነገሮች የማምከን ባሕርይ ስላለው፣ በላብራቶሪ አይጦች ላይ የአንጎልን ጉዳት ሲቀንስ ታይቷል። ይሁን እንጂ አይጥን አድነው ሰው ላይ ሲሞከሩ ያልሠሩ የስትሮክ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ሜላቶኒንም በሰው ላይ ስትሮክን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።

ጥንቃቄም ይሻል። ሜላቶኒን ከፍ ባለበት ሰዓት፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኢንሱሊን ይቀንሳል። ስለዚህ ክኒኑን ከእራት ጋር መዋጥ ስኳር ሊጨምር ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

አንጎልን በመጠበቅ የተመሰከረላቸው ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ መድኃኒትን አለማቋረጥ፣ ሲጋራን መተው፣ በእግር መሄድ ናቸው። የራሳችሁን ሜላቶኒን ከፈለጋችሁ በነጻ ነው፤ እራትን በጊዜ በልታችሁ፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ዘግታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ ተኙ።

ድንገት የቤተሰብ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ሌሊትም ቢሆን «ይንጋ» አትበሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። መለኪያ ካለ ስኳሩን ለኩ፤ የስኳር መውረድም ስትሮክ ሊመስል ይችላልና ቁጥሩን ለሐኪሙ ንገሩ። መዋጥ ላቃተው ሰው ውኃም፣ ማርም፣ ክኒንም በአፉ አትስጡ፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል አፋጥኑት።