ከቧንቧው እስከ ዋንጫው



«የቧንቧ ውኃ ከሆነ ማፍላቱ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት ይሰማል። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለም። እናቶቻችን ለቧንቧ ያላቸው አክብሮት ከብዙ ዘመን ድካም የተወለደ ነውና አይፈረድባቸውም።

ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በወገራ ደጋ፥ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የምትጠራው የአምባ ጊዮርጊስ ከተማ ትገኛለች። የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2900 ሜትር ስለሚደርስ ብርዷ ብርቱ ነው፤ አገሩም ገብስና ድንች የሚያበቅል ደጋ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ፥ የዛሬዎቹ አያቶች ልጆች ሳሉ፥ ውኃ ማለት እንስራ አዝሎ ቍልቍለት መውረድና ዳገት መውጣት ነበረ። ስለዚህ በመንደር መካከል ቦኖ ሲተከል፥ ከዚያም አልፎ ቧንቧ ከግቢ ሲገባ፥ ተመስገን ማለት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከምስጋናው ጋራ አንድ የማይገባ እምነት አብሮ ገባ፤ ይኸውም «ከቧንቧ የወረደ ሁሉ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው።

ውኃው የሚወጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ፥ አፈሩና አሸዋው ስለሚያጠልለው፥ አብዛኛውን ጊዜ ከምንጩ ሲነሣ ደኅና ነው። ከዚያ በሞተር ተስቦ ከፍ ባለ ቦታ ወደ ተሠራው ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከማጠራቀሚያውም በገዛ ክብደቱ እየወረደ ወደ ቦኖውና ወደየግቢው ይደርሳል። ቧንቧው ሞልቶ ሳለ ስንጥቅ ቢኖረው እንኳ ውኃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጭው እድፍ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የውስጡ ግፊት ይከለክለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ውኃው ሲቋረጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ሲቆም፥ ወይም ውኃው በፈረቃ ሲታደል፥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። በቍልቍለቱ የሚወርደው ቅሪትም ከኋላው እየሳበ፥ በሸምበቆ እንደሚመጥ ሰው፥ በስንጥቁ አጠገብ ያለውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይመጥጣል። በአጠገቡ ያለው ደግሞ የመንገድ ጐርፍ፥ የከብት እበት፥ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ውኃው ሲመለስ ይህ ሁሉ ከፊት ከፊት እየተገፋ ወደ ጀሪካናችን ይገባል።

እንግዲህ ከተቋረጠ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውኃ ለመጠጥ መቅዳት አይገባም። እስኪጠራ ድረስ ለወለል ማጠቢያ ወይም ለጓሮ ጐመን ይሁን። ነገር ግን የጠራ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን በዐይን አይታዩም፤ ሽታም ጣዕምም የላቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ላይ ያወጣው መመሪያ፥ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንድ እንኳ እንዳይገኝ ያዝዛል። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰውና በእንስሳ አንጀት ስለ ሆነ፥ በውኃ ውስጥ መገኘቱ ሰገራ እንደ ደረሰበት ምስክር ነው። ውኃው ክሎሪን ገብቶበት እንደ ሆነም፥ እስከ መጨረሻው ቦኖ ድረስ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ተርፎ ሊገኝ ይገባል። ይህ ትራፊ ክሎሪን በመንገድ የሚገባውን እድፍ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ዘበኛው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የካናዳ ትንሽ ከተማ ዎከርተን አይታዋለች። ሕዝቧ 5 ሺሕ ያህል ነበር፤ ዙሪያዋም እንደ ወገራ የእርሻና የከብት አገር ነው። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ብርቱ ዝናም ዘነመ፤ የከብት ፍግም ታጥቦ ጥልቀት ወደሌለው የከተማው የውኃ ጉድጓድ ገባ። ክሎሪኑን በየቀኑ መለካት የሚገባቸው ሠራተኞች ሳይለኩ ቍጥር እየፈጠሩ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ከ2300 ሰው በላይ ታመመ፤ 7 ሰዎችም ሞቱ። ኋላ ነገሩን የመረመረው ዳኛ፥ ፍጉ የወረደበት እርሻ ባለቤት ጥፋት እንደሌለበት መስክሯል፤ ገበሬው እንደ ደንቡ የሚሠራ ሰው ነበረና። ይህን ያነሣነው «በሠለጠነ አገር እንዲህ አይደረግም» ለሚሉ ወንድሞች ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የታተመ፥ የጐንደር የሕክምና መምህራን ያካሄዱት ጥናት፥ በሰሜን ጐንደር የሚገኙ የተከለሉ ጉድጓዶችንና ምንጮችን ውኃ መርምሮ የሰገራ ተሕዋስያን አግኝቶባቸዋል። «የተከለለ» መባል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ባካሄደው ምርመራ ደግሞ፥ ከሚቀዳበት ስፍራ ይልቅ በቤት ተቀምጦ የቈየው ውኃ የባሰ ተበክሎ ተገኝቷል። ውኃው በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤታችን፥ በገዛ እጃችን ይቈሽሻል ማለት ነው።

እስቲ ጀሪካኑን እንመልከት። ውስጡን በጣት ለመንካት ስለማይቻል በግድግዳው ላይ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ይጋገርበታል። ጠጠርና ውኃ ጨምሮ በብርቱ መናጥ፥ ከዚያም ማለቅለቅ፥ በየሳምንቱ መደረግ ያለበት ነው። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም ጋን የሚያስቀምጡ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ጣሳው ይገባል፥ ከጣሳው ጋራ ጣት ይገባል፤ ጣሳውም ከመሬት ተነሥቶ እንደ ገና ይገባል። ስለዚህ የመጠጥ ውኃ ጠባብ አፍ ባለው፥ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እየተጨለፈም ሳይሆን እየተንቈረቈረ ይቀዳ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ነገር በብዙ የጤና ትምህርት ላይ ተረስቶ ይታያል። የምትጠነቀቅ እናት ለልጇ የሚጠጣውን ውኃ ታፈላለች፤ በዚያው ቀን ግን በሶ በጥሬ ውኃ በጥብጣ ትሰጠዋለች። በገብስ አገር በሶ የእረኛው፥ የተማሪውና የመንገደኛው ስንቅ ነው፤ እሳት የማይነካው ምግብ ስለ ሆነም የውኃው ተሕዋስያን እንዳሉ ይቀራሉ። በጾም ወራት ደግሞ ይህ ነገር ይበዛል። የሱፍ ፍትፍትና ተልባ ውኃ የሚገባባቸው ናቸው፤ ከተበጠበጡ በኋላም ወደ ምድጃ አይመለሱም። ቅራሪም እንደዚሁ ነው። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ጥሬ ውኃ ተጨምሮ ሳይቈይ ይጠጣል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠጡትም ልጆች ናቸው። «ቅራሪ እኮ ጌሾ አለበት» ይባላል፤ የጌሾው ኃይል ግን በመጀመሪያው ጠላ አልቋል። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ አንተው፤ የአባቶቻችን ምግብ ናቸው፤ ለጾምም የተስማሙ ናቸው። የሚበጠበጡበት ውኃ ብቻ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ስለ ማፍላት አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ በአምባ ጊዮርጊስ ውኃ የሚንተከተከው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ይህ ሙቀት ተሕዋስያንን ለመግደል የሚበቃ ቢሆንም፥ በደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መጨመር የሚመከረው ስለዚህ ነው። እንፋሎት አየሁ ብሎ ማውረድ አይገባም።

ይህን ስንጽፍ የማገዶውን ነገር ረስተን አይደለም። ሰባትና ስምንት ነፍስ ባለበት ቤት የሚጠጣውን ሁሉ በባሕር ዛፍ እንጨት ማፍላት ለድኻ ቤት ከባድ ዕዳ ነው፤ አፍሉ ብሎ አዝዞ ማለፍ ለጸሐፊ ቀላል ነው። ስለዚህ የኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ የሚፈላው ውኃ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው ይቅደም፤ ለቀረው ቤተ ሰብ ክሎሪን ይሁን። «ውኃ አጋር» የሚባለውና የመሳሰለው መድኃኒት የሚጨመርበት መጠን በዕቃው ላይ ተጽፎአል። ውኃው ደፍርሶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጥለል፥ በንጹሕ ነጠላም ይጠለል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይቈይ። በብርድ አገር ውኃው ራሱ በረዶ ስለሚመስል አንድ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል፤ ክሎሪን በቀዝቃዛ ውኃ ሥራው ይዘገያልና። የልብስ በረኪና ግን ጥንካሬው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ በግምት አይጨመርም። ክሎሪን አሜባንና ጃርዲያን እንደ ሌሎቹ ቶሎ አያሸንፍም፤ በእነዚህ የሚሠቃይ ሰው ያለበት ቤት ወደ ማፍላቱ ይመለስ።

«ሽታውን አልወደውም» የሚሉ አሉ። አንዳንዶችም ውኃ ላይ መድኃኒት መጨመር ፍጥረትን መለወጥ ይመስላቸዋል። ክሎሪን የሚሠራው ከገበታ ጨው ነው፤ በጨው ውኃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍ ይገኛል። መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበ ሁሉ ደግሞ የኢያሪኮ ሰዎች ውኃቸው ክፉ ሆኖባቸው ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ እንደ ቀረቡ፥ ነቢዩም ጨው በአዲስ ዕቃ አስመጥቶ ወደ ውኃው ምንጭ እንደ ጣለው ያስታውሳል። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ ከጨው የተሠራ መድኃኒት እንጠቀም ስንል ከዚያ ጋራ ልናስተካክለው አይደለም። ነገር ግን ውኃን ማከም በሃይማኖት ዘንድ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ያሳያል። ኦሪት ዘዳግምም ሰው ከሰፈር ውጭ ወጥቶ እንዲጸዳዳና ቈፍሮ እንዲከድን ማዘዙን ካህናቶቻችን ያውቁታል። በጐንደር የጤና ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ተቋቁሞ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋራ ሳኒታሪያን ማሠልጠን ሲጀምር፥ እነዚያ ወጣቶች በየገጠሩ ሲያስተምሩ የኖሩት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ኮሌራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ገብቶ ንጉሡን ወደ ደብረ ታቦር ደጋ እንዲነሡ አስገድዶአቸዋል። በቅርቡም፥ በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፥ በምዕራብ ጐንደር በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል፥ በሺሕ የሚቈጠር ምእመን በተሰበሰበበት ቦታ ተነሥቶ ነበር። ይህን ለመናገር ልብ ይከብዳል፤ ሰዎቹ ፈውስን ሽተው የሄዱ ናቸውና። ነገር ግን ዝም ብንል ጥፋቱ የኛ ይሆናል። የጠበሉን በረከት የሚጠራጠር በዚህ ዓምድ አይጽፍም፤ በረከቱ የእግዚአብሔር ነው። መጸዳጃ ቤቱ፥ የእጅ መታጠቢያውና የሚጠጣው ውኃ ግን የሰው ሥራ ነው፤ እነዚህ በጐደሉበት ስፍራ ብዙ ሕዝብ ሲሰነብት በሽታው መንገድ ያገኛል። ለቤተ ክርስቲያን ጣራና ቅጥር ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰበካ ጉባኤ፥ ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ከመድረሱ በፊት፥ ለመጸዳጃ ቤትና ለእጅ መታጠቢያ ቢያሰባስብ ከጣራው ያነሰ ሥራ አይደለም። ይህ የኛ አስተያየት ነው፤ የሚቃወም ካለ ይጻፍልን።

የከተማውስ? ሰንበቴውና ዕድሩ ተሰብስበው የውኃ አገልግሎቱን መሥሪያ ቤት በትሕትና ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። በመጨረሻው ቦኖ ላይ የተረፈው ክሎሪን የተለካው መቼ ነው? ማጠራቀሚያው የታጠበው መቼ ነው? ውኃው ለተሕዋስያን በላቦራቶሪ የተመረመረው መቼ ነው? ከክረምት መግቢያ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ጊዜ የለም። ሠራተኞቹን መክሰስ አያስፈልግም፤ አብዛኛዎቹ በጐደለ መሣሪያ የሚደክሙ ናቸው። የሚጠይቅ ሕዝብ እንዳለ ማወቃቸው ግን መዝገቡን ያስጽፋል። የአካባቢው ሰዎች ሥራም አለ፤ በቧንቧ መስመር ላይ የመጸዳጃ ጉድጓድ አለመቈፈር፥ የፈሰሰ ቧንቧ ሲታይም ነገ ሳይሉ ማስታወቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅ ቢያስቀምጠው፥ ጡት አይከልከል፤ ምግብም አይከልከል። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት በሚያዘው መጠን፥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፥ ተበጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠው። ፓኬቱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ልክ ልኩ ተስተካክሎ፥ ይበጥበጥ፤ ጨው ማብዛት ጉዳት አለው። ከጤና ባለሙያ የሚታዘዘው የዚንክ ክኒንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይሰጥ። ዐይኑ ከጐደጐደ፥ እንባው ከደረቀ፥ መጠጣት ካቃተው፥ ወይም በሰገራው ደም ከታየ፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የተበጠበጠው መጠጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ የተረፈው ተደፍቶ በታጠበ ዕቃ አዲስ ይበጠበጣል።