የመሣሪያ ምርጫ የዜማ ምርጫ ነው

የሙዚቃ መሣሪያን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ቁጥር ተለጥፎበት በንብረት መዝገብ የሚሰፍር ተራ ዕቃ አድርጎ የሚያይ አመለካከት በባህል ሥራ ውስጥ ሥር እየሰደደ መጥቷል። አመለካከቱ የተሳሳተ ነው፤ ከስህተትም አልፎ ጎጂ ነው። መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ዜማ ይገዛል። ከመሣሪያው ጋር ቅኝቱ፣ ከቅኝቱ ጋር የጨዋታው ሥርዓት ይመጣል፤ የዘፋኙም ጉሮሮ በዚያው ይገራል። ስለሆነም «ምን ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ ከግዥ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት «ምን ይዘፈን?» የሚለው መልስ ማግኘት ነበረበት።

ነገሩ ከእብናትና ከደቡብ ጎንደር ደጋዎች ላይ ሆኖ ለሚመለከተው ይበልጥ ይጎላል። ማሲንቆ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ በጎንደር ምድር ይገኛል። ለገላው ዋንዛ፣ ለሽፋኑ የእብናት ቆላ የፍየል ቆዳ፣ ለክሩና ለደጋኑ የጉና ተዳፋት የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑን ለማሸት የመተማ ዕጣን አለ። ይህን ለመሰብሰብ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም፤ እስከ ጅቡቲም መላክ አያሻም። የሚቀረው የሠሪው እጅና የተጫዋቹ ጆሮ ነው። እነርሱም ቢሆኑ አልጠፉም። ደቡብ ጎንደር የቤተልሔም አገር ነው፤ የድጓ ሊቃውንት ከየአቅጣጫው መጥተው የሚመሰክሩበት አገር ነው። ዜማን በጆሮው መዝኖ «ይህ ተሳስቷል» የሚል ሰው በገጠሩ ሳይቀር የሚገኝበት፣ ሠርግ ያለ አዝማሪ የማይደምቅበት አገር ነው።

ይሁንና «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለወጣቶች ማዕከል ወይም ለኪነት ቡድን መሣሪያ ይገዛ በተባለ ቁጥር የዝርዝሩን ራስ የሚይዘው ኪቦርድ ነው። ጊታርና ድምፅ ማጉያ ይከተላሉ። ማሲንቆና ክራር፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ ለማሳያ ይገዛሉ፤ ማሳያነታቸውም ከግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነው።

ለዚህ አሠራር ሦስት መከራከሪያዎች ይቀርባሉ። ሦስቱንም በየተራ መመርመር ይገባል።

አንደኛው፣ «ኪቦርድ የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ ይዟል፤ አንዱን መግዛት አሥሩን መግዛት ነው» የሚል ነው። ይህ ለሒሳብ ሹም የሚጥም፣ ለሙዚቀኛ ግን የማይጥም አባባል ነው። ኪቦርድ የያዘው የመሣሪያዎቹን የድምፅ ቀለም እንጂ አጨዋወታቸውን አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ድምፅ በቦታው ተቸንክሮ ይወጣል። የማሲንቆ አንገት ግን መከፋፈያ የለውም። ተጫዋቹ ጭራውን በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ እንደ ስሜቱ ጥቂት ያወጣዋል፣ ጥቂት ያወርደዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፆች ብቻ ያሏቸው ሆነው ሳሉ ያን ያህል ጥልቀት ያገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። አንቺ ሆዬን ከኪቦርድ ብቻ የተማረ ልጅ የሚማረው ተቀራራቢውን ነው። ከዓመታት በኋላ እውነተኛውን ከማሲንቆ ሲሰማ «ማሲንቆው ከቅኝት ወጥቷል» ይላል። ስህተቱ እውነት፣ እውነቱ ስህተት ሆኖ ይታየዋል። ከዚህ የከፋ የባህል ኪሳራ ምን አለ?

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አይደለም። ከአውሮፓ ወደ ህንድ የገባው ሃርሞኒየም የህንድን ዜማ መንሸራተትና ረቂቅ የድምፅ ልዩነት መያዝ አይችልም ተብሎ ከመላ ህንድ ራዲዮ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1940 ታግዶ፣ እገዳው እስከ 1971 ቆይቷል። እገዳ መፍትሔ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሃርሞኒየም ዛሬም በህንድ ይደመጣል። ነገር ግን የዚያ አገር ሰዎች ጥያቄውን ጠይቀዋል። መሣሪያው ዜማውን ይችለዋልን? ብለዋል። እዚህ ግን ያልተጠየቀው ይኸው ነው። ኪቦርድ መግዛት ግድ ቢሆን እንኳ የእያንዳንዱን ድምፅ ቅኝት ለየብቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችሉ ኪቦርዶች በገበያ አሉ። ይህን ችሎታ በግዥ መስፈርት ላይ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። መስመሩን የሚጽፈው ግን ቅኝት የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «የማሲንቆ ድምፅ አይደርስም፤ ለአዳራሽና ለአደባባይ አይሆንም» የሚል ነው። ጊታርስ ያለ ማጉያ ለአደባባይ ይሆናልን? ለጊታሩ ማጉያ የተገዛለት ድምፁ እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ለማሲንቆው ይህ ለምን ይነፈገዋል? ከቆዳው ላይ የምትለጠፍ አነስተኛ ድምፅ መቀበያ ከማንኛውም ኪቦርድ ዋጋ በእጅጉ ታንሳለች። ክራር ከጅማት ወደ ናይለን፣ ከናይለንም አልፎ ወደ ብረት ክር ተሸጋግሯል፤ ከእንጨት መቃኛ ፋንታ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ በሀሊም ኤል ዳብ አነሳሽነት የተቋቋመውና ኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አሰልፎ፣ እነዚህ መሣሪያዎች በኅብረት መጫወት እንደሚችሉ አሳይቷል። ያን ጊዜ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው መከራከሪያ፣ «ወጣቱ ዘመናዊ ነገር ይፈልጋል» የሚል ነው። ወጣት የሚፈልገው ያየውንና የሰማውን ነው። በትምህርት ቤቱ አንድም ጊዜ ማሲንቆ በወጉ ሲጫወቱ ያላየ ተማሪ ማሲንቆ አልፈለገም ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። ደግሞስ ዘመናዊነት ምንድን ነው? በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ የውጭውን ሳክስፎን ይዘው የተጫወቱት ሽለላና ፉከራ ነበር። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ስለተጫወቱ ሳክስፎኑ ለእርሳቸው ታዘዘ እንጂ እርሳቸው ለሳክስፎኑ አልታዘዙም። ዘመናዊነት ይህ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ መሣሪያ።

ከዚህም በመነሣት በተቃራኒው ጫፍ ለቆሙት፣ «የውጭ የሆነ ሁሉ ይቅር» ለሚሉት ወገኖች መልስ ይገኛል። የእነርሱም መንገድ አያዋጣም። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩስያው ንጉሥ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላይ በስጦታ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሪቱን ሙዚቃ አበልጽገዋል እንጂ አላደኸዩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከመሣሪያው ጋር መምህር መጥቷል። ይልቁንስ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ካቀዛቀዘ፣ ኋላም ኪቦርድ ከተስፋፋ በኋላ ከብዙ ባንዶች ተጠርገው የወጡት መለከትና ሳክስፎን ናቸው። ኪቦርድ ማሲንቆን ብቻ ሳይሆን የውጭዎቹንም መሣሪያዎች ቦታ ወስዷል። ጠቡ በአገር ቤትና በውጭ መካከል አይደለም ማለት ነው። ጠቡ በተጫዋችና ተጫዋችን በርካሽ ለመተካት በሚሻ አስተሳሰብ መካከል ነው።

ርካሽነቱስ እውነት ነውን? ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ይሠራ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኪቦርዱ ዋጋ በዚያው ልክ ወጥቷል፤ የመለዋወጫውም እንዲሁ። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም እስከ አዲስ ዘመን፣ ከአዲስ ዘመን እስከ እብናት ይጓዛል። ሳጥኑ በወደብ ሙቀት የቆየ ጊታር ሙጫው ሊለቅ፣ በደጋው ደረቅ አየር እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልምድ ያላቸው ሙዚቀኞች ጊታር ሲልኩ ክሩን ያላላሉ፤ ጠንካራ ሳጥን ይጠይቃሉ፤ ዕቃው ሲደርስም ወዲያው ከመክፈት ይልቅ ከአየሩ ጋር እስኪላመድ ያቆዩታል። ከአንድ ወጥ ሣንቃ ከተሠራው ይልቅ በስሱ የተደራረበ እንጨት ያለውን ጊታር የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ መሣሪያም ሌላ ፈተና አለበት። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ሳያነቡ ከግድግዳ የሰኩት ኪቦርድ በአንድ ደቂቃ ተቃጥሎ ይቀራል። ሳክስፎንም ቢሆን በአፉ ላይ የሚገጠመው ሪድ በየጊዜው ያልቃል። ሪዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መሣሪያው በእብናት ይኑር እንጂ ትንፋሹ በአዲስ አበባ ነው። የማሲንቆ ጭራ ሲበጠስ ግን ፈረሱ እዚያው አለ። ክረምት ገብቶ ቆዳው ሲላላ ከእሳት አጠገብ ሞቅ አድርጎ መመለስ ይቻላል። የትኛው ነው ርካሹ?

እዚህ ላይ ወደ ነገሩ እምብርት ይደረሳል። የመንግሥት ግዥ የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል፤ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ይሁን እንጂ በጓሮው ዋንዛ የሚጠርብ ማሲንቆ ሠሪ ፕሮፎርማ ከየት ያመጣል? ኪቦርድ የሚያስመጣው ነጋዴ ማኅተም አለው፤ ሠሪው ግን ያለው መጥረቢያና ዕውቀት ነው። ስለዚህ ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይጠላው፣ በወረቀቱ ብቻ ከውድድር ይወጣል። ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ የቆየ ነውር አለ። ብረት የሚቀጠቅጠው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ አዝማሪም በሠርጉ ተጠርቶ በጋብቻው ሲርቁት ኖሯል። በአዳራሽ «ባህላችን» እያሉ ማጨብጨብና የባህሉን ሠሪ ግን በበር ማስቀረት እርስ በርሱ የሚቃረን ነው።

ይህን ለማረም ተአምር አያስፈልግም። ወረዳዎች ለመሣሪያ ሠሪዎች የሚገባቸውን አደረጃጀት ይስጡ፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በግዥ ድጋፍ የማድረግ አሠራር ለሸማኔና ለብረታ ብረት ሠራተኛ የሚሆን ከሆነ ለማሲንቆ ሠሪም ይሆናል። አሥር ሠሪዎች በአንድ ማኅበር፣ በአንድ ደረሰኝ መቅረብ ይችላሉ። በግዥ ኮሚቴ ውስጥ አንድ ተጫዋች ይቀመጥ፤ ድምፅ ሳይሰማ መሣሪያ አይረከቡ። ተረካቢው እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆኑን፣ ቆዳው እኩል መወጠሩንና የቢላ ጭረት የሌለበት መሆኑን፣ መቃኛው የማይንሸራተት መሆኑን ይመርምር፤ ተጫዋቹ ከዘፋኝ ጋር ቃኝቶ ጥቂት ሰዓት ይጫወትበት፤ ቅኝቱን ካልያዘ ለሠሪው ይመለስ። ሠሪ የሚሻሻለው በምጽዋት ሳይሆን በጥብቅ ደንበኛ ነው። ከሁሉም በላይ ለመሣሪያ በተመደበው ገንዘብ ውስጥ ለመምህር የሚሆን ድርሻ ይኑር። መምህር የሌለው ማሲንቆም፣ መምህር የሌለው ኪቦርድም፣ ሁለቱም እኩል የአቧራ ማረፊያ ናቸው።

ደብረ ታቦር ለዚህ ክርክር ሩቅ ምስክር ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋትም። ጋፋት ከአጠገቧ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከውጭ ሰዎች የፈለጉት መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ጭምር ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በጋፋት ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተቀየሰለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ መቅደላ ደርሷል። መድፉ የታሰበለትን አላደረገም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ለአገሩ ከመድፉ ይልቅ ይጠቅም የነበረው የማቅለጡ ሙያ ነበር። እርሱ ግን በጋፋት አልቀጠለም፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላ አውደ ጥናቱም አልቆየም።

ያ በመድፍ የደረሰው በማሲንቆ እንዳይደገም ያሰጋል። ዕቃ ይጎተታል፣ ይጫናል፣ ይራገፋል፤ ሙያ ግን ካልተወረሰ በምንም ጭነት አይመጣም። በየግዥ ክፍሉ ፊርማ የሚያኖር ሁሉ የሚፈርመው በዋጋ ዝርዝር ላይ ብቻ እንዳይመስለው። የሚቀጥለው ትውልድ ምን እንደሚሰማ፣ ማንን «ከቅኝት ወጥቷል» እንደሚል የሚወሰነው በዚያች ፊርማ ነው።