ከፈረስ ጉልበቱ በፊት

ለገጠር ጉዞ መኪና የሚመርጥ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበቱ አብዝቶ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ የክብደቱ ሊሆን ይገባል። የጎማውን አየር በመቀነስ የአፈሩን ገጽ የሚጫነውን ግፊት ማቃለል ይቻላል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀውን መጠቅጠቅ በዋነኛነት የሚወስነው ግን እያንዳንዱ አክስል የተሸከመው ክብደት ነው። ተሳቢ ሲቀጠል ደግሞ የኋላው አክስል ጫና ይጨምራል።

ጉዳቱን ለመረዳት 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የባሌን ሳነቴ አምባ እናስብ። አሽከርካሪ የጨቀየውን መንገድ ሸሽቶ በእርጥቡ ሣር ላይ ቢነዳ፣ የተጠቀጠቀው አፈር ውኃ ማስረግ ይሳነዋል፤ የጎማው ፈለግም የጎርፍ ቦይ ይሆናል። በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖረው ግዙፍ ፍልፈል ከቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግቦች አንዱ ነው። ስለዚህ ለሥራችን ከሚበቁት መካከል ክብደቱ ያነሰውን መኪና እንምረጥ፤ ከተቀየሰው መንገድም አንውጣ።