ድምፅ መቆለፍ መብት ነው?

ሸማ ተራ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጋቢና ነጠላውን ቆልፎ «እኔም አልሸጥ፣ ሌላውም አይሽጥ» ቢል ሰው ይስቅበታል። ሸማውንም ብል ይበላዋል። የዘፈን ቅጂ የቆለፈ ሰው ግን «መብቱን አስከበረ» ይባላል!

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የንጉሡ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጠ። የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በአዲሱ ሙዚቃ ሲናወጡ ባለመብቱ ያን ድምፅ አያሳትምም ነበር። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው አምሐ እሸቴ በ1969 አዋጁን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን እዚሁ ቀረጸ፣ ሕንድ አሳተመ። እስከ 1975 ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ፓሪስ ላይ በ1997 የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የቆመው በእነዚያ ሸክላዎች ነው። አዋጅ አክባሪ ቢሆን ኖሮ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው በወሬ ብቻ ይቀር ነበር።

ኦፔራም ከዚህ አላመለጠም። የማሪያ ካላስ የመድረክ ምሽቶች ለዓመታት የዞሩት ከሬዲዮ በተቀዱና በድብቅ በተቀረጹ ቴፖች ነው። «ሌቦቹ» ባይቀዱ፣ ዋርነር በ2017 አጽድቶ የሸጠውን አብዛኛውን ከየት ያመጣው ነበር?

«ታዲያ ዘፋኙ ይራብ?» የሚል አይጠፋም። የለም፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከያኒውን ድርሻ ያስከብራል፤ ይከፈለው። ጠቡ ከሌላው ጋር ነው፤ ከፍሎም አሳትሞም ሳያውቅ ቴፑን መጋዘን ጥሎ ሰውን በክስ ከሚያስፈራራው ጋር። እንዲህ ያለው ባለመብት አሥር ዓመት ካላወጣ፣ ለዘፋኙ ወይም ለወራሾቹ የሚከፍል ሌላ ሰው የማሳተም ፈቃድ ይሰጠው። የመንግሥት ቴአትር ቤቶችና ሬዲዮውም ከዚህ ውጭ አይሁኑ።