«ካልተስማማህ ታቆመዋለህ» የተባለው ክኒን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ባለሥልጣን ይጠየቅ ብለን የምንጮኽ ወንዶች በሹክሹክታ እንኳ ስለማናነሳው ጉዳይ ነው።

ፊናስቴራይድ የተባለው ክኒን በአሜሪካ በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 ደግሞ አነስ ባለ መጠን ለራሰ በራነት ተፈቀደ። ሁለቱንም የሚያባብሰውን ዲኤችቲ የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ግንባሬ ሲሰፋ እኔም ዋጥኩት። ሐኪሙ «ካልተስማማህ ታቆመዋለህ» ብሎ ሸኘኝ። ወንድነቴ ደከመ፤ አቆምኩ። ድካሙ ግን አልቆመም። ለባለቤቴ ለመናገር ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ እሷ እስከዚያ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ነበር።

ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል፤ አልክድም። ችግሩ ለምን በአንዳንዱ ላይ እንደሚቆይም ገና አከራካሪ ነው። ግን መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የሚቀጥል የወሲብ ችግር ሪፖርት መደረጉን የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ያስጻፈው መቼ ነው? በ2011 እና በ2012! የፀጉሩ ክኒን ገበያ ከወጣ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እስኪጨመርበትም 2022 ደረሰ፤ የአውሮፓው ተቆጣጣሪ በ2025 የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋገጠ። እስከዚያ የዋጠው ሰው ማንን ይጠይቅ?

ለአባቶቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ክኒኑ ለፕሮስቴት ካንሰር ክትትል የሚደረገውን ፒኤስኤ የተባለ የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። መርማሪው ሐኪም መወሰዱን ካላወቀ፣ አስጊው ቁጥር ደህና መስሎ ያልፋል። አባቴ ሦስት ዓመት ሲወስዱት ይህን የነገራቸው አልነበረም፤ ከወረቀቱ ላይ አንብቤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።