ባክአፑን መልሶ የጫነው ማን ነው?

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል እስከ አንኮበር ወረዳ ጤና ጣቢያዎች፣ የክትባት፣ የወሊድና የበሽታ ወርሃዊ ሪፖርት የሚያልፈው ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ መዘርጋት በጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የጤና መረጃ ሥርዓት በኩል ነው። ሥርዓቱ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ነው። ፖስትግሬስ በየዓመቱ አዲስ ዋና ቨርዥን ያወጣል፤ አሮጌውንም ከ5 ዓመት በላይ አይደግፍም። ስለዚህ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደደም ጠላም የማሻሻያው ቀን ይመጣበታል። ያን ቀን «ባክአፕ ወስደናል» የሚለው ቃል እንደ ዋስትና ይቆጠራል። እኔ ግን ባክአፑ በሌላ ማሽን፣ በአዲሱ ቨርዥን ላይ ተጭኖ እስካልታየ ድረስ ማንም ኃላፊ የማሻሻያ ፈቃድ መፈረም የለበትም እላለሁ።

ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም ጊትላብ በተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ሠራተኛ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የ9.2 ስለነበር ሥራውን እምቢ ሲል ቆይቷል፤ ይህን የሚያስታውቀው ኢሜይልም በመንገድ ውድቅ እየሆነ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው ከጥፋቱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን ቀርቷል። ድርጅቱ ገመናውን በዝርዝር ለሕዝብ መጻፉ ያስመሰግነዋል። እኛ ዘንድ ቢሆን «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልፍ ነበር።

ባክአፕ መልሶ ሲጭን ብዙ ባለሙያ የሚፈራው በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወርደውን የኤረር ናዳ ነው። ፊት ለፊት እምቢ የሚለው ኤረር ግን ቀላሉ ነው። ባክአፕ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ፒጂ-ሪስቶር፣ አሮጌ ከሆነ ባክአፕ በሚወስደው ፕሮግራም፣ በአዲሱ ፒጂ-ደምፕ፣ የተወሰደ ፋይል ሲቀርብለት የፋይሉን ቨርዥን አላውቀውም ብሎ ሊቆም ይችላል፤ አሮጌው ፒጂ-ደምፕም አዲስ ሰርቨር አይገለብጥም። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ አሮጌው ዳታቤዝ ሲገለበጥም ሆነ ሲመለስ የአዲሱን ቨርዥን ፕሮግራሞች መጠቀም። የሚያስፈራው ሳይቆም የሚቀጥለው ነው። ፒጂ-ሪስቶር በመጀመሪያው ስህተት እንዲያቆም ካልታዘዘ ስህተቱን አልፎ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይህን ያህል ስህተት ታልፏል የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ያበቃል። አዲሱ ሰርቨር ላይ ፖስትጂአይኤስ የተባለው የካርታ ተጨማሪ ካልተጫነ የጤና ተቋማቱን ስም የያዘው ሠንጠረዥ የመገኛ ቦታ ዓምድ ስላለበት አይፈጠርም፤ ከእሱ ጋር የተሳሰሩትም አብረው ይሰናከላሉ። የኤረሩ መስመር ቢበዛም መነሻው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ ማንበብ፣ የመጀመሪያውን ማስተካከል፣ ከዚያም የሙከራውን ዳታቤዝ አጥፍቶ ከባዶ መድገም ያስፈልጋል። ሲያበቃም የተቋማቱ ብዛትና የአንድ ወር ሪፖርት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር።

«ትርፍ ሰርቨር የለንም» የሚል መልስ ይኖራል። ለሙከራ ግን በቂ ዲስክ ያለው ተራ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ዲኤችአይኤስ ለትንተና የሚያዘጋጃቸው ትልልቅ ሠንጠረዦች ኋላ እንደገና ስለሚፈጠሩ ከቅጂው ሊቀሩ ይችላሉ። የሕሙማን ስም ያለበት መረጃ ከሆነ ማሽኑ ከቢሮ አይውጣ፣ ሙከራው ሲያበቃም ይጽዳ፤ ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ሌላው መከራከሪያ «አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ይወጡታል» የሚለው ነው። ለማዕከላዊው ሰርቨር ልክ ሊሆን ይችላል፤ በተቋሙ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ዳታቤዝ ግን አይሆንም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማሻሻያው መሐል ላይ ቢበላሽ የጎደለውን ተጨማሪ ከየት ማውረድ ይቻላል? የአሮጌውም የአዲሱም ቨርዥን መጫኛ፣ ከነፖስትጂአይኤሱ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ደብረ ብርሃን ላይ መገኘት አለበት።